ዳሽቦርዱ «አደግን» ይላል፣ ባንክ ውስጥ ግን ብር የለም፦ ከደብረ ብርሃን ለመጣ ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ደብረ ብርሃን ላይ ወተት አቀነባብረን አዲስ አበባ የምናከፋፍል ድርጅት አለን። ከሸኖ፣ ከጫጫና ከከተማው ዙሪያ በጠቅላላው ከ400 ገደማ ገበሬዎች ጠዋትና ማታ እንረከባለን። አምና አንድ ልጅ ቀጥረን ዳሽቦርድ (የድርጅቱን ቁጥሮች በቻርት የሚያሳይ ገጽ) አሠራን፤ ከ30 በላይ ቻርት አለው። የ2017 ሽያጫችን በ28 በመቶ አድጓል ይላል። ግን በየ15 ቀኑ ለገበሬው የምንከፍለው እያጣን ብድር ውስጥ ገብተናል። የየካቲት 2017 ሪፖርት ደግሞ ከአምናው የካቲት በጣም ወርዷል ስላለ የሽያጭ ኃላፊውን ልናነሳው ነው። አንዱ ፓወር ቢአይ (ቻርት መሥሪያ ሶፍትዌር) ግዙ ይለናል፣ ሌላው ኢአርፒ (ሒሳቡንም ሽያጩንም ንብረቱንም ባንድ ላይ የሚይዝ ሶፍትዌር) አስገቡ ይለናል። ትክክለኛ ውሳኔ እንድንወስን የሚረዳን የትኛው ሶፍትዌር ነው?»

ሶፍትዌር አትግዙ። ፓወር ቢአዩም ኢአርፒውም ለጊዜው ይቆይ። አዲስ ሶፍትዌር ብትገዙ የሚያሳያችሁ ይህንኑ ቁጥር ነው፣ ቀለሙ ብቻ ያምራል። ከሁሉም በፊት ግን አንድ አስቸኳይ ነገር አለ። የሽያጭ ኃላፊውን ጉዳይ አቁሙት። ደብዳቤው ተጽፎ ከሆነም አይውጣ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። በ2016 ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 27 ነበር፣ ዓቢይ ጾም የገባው መጋቢት 2። ስለዚህ የ2016 የካቲት ከነነዌ ሦስት ቀንና ከረቡዕ ዓርብ በስተቀር ሙሉውን የፍስክ ወር ነበር። በ2017 ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ፣ ጾሙ የገባው የካቲት 17 ነው። ከወሩ 30 ቀን 14ቱን ጾም በላው ማለት ነው። ዳሽቦርዳችሁ የካቲትን ከየካቲት ጋር አስተያየና «ወረደ» አለ። ግማሽ ወር ጾም ገብቶበት የወተት ሽያጭ ባይወርድ ነበር የሚገርመው! አሁን ደግሞ ሚያዝያን ክፈቱት። በ2016 ሚያዝያ 26 ቀን ጾም ነበር፣ በ2017 ግን 11 ቀን ብቻ። ሚያዝያ ላይ ያው ሰውዬ ጀግና ሆኖ ይወጣል። ሰውየው በሁለቱም ወር ያው ሰው ነው። የተለወጠው የጾሙ መግቢያ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ጾምን ከጾም፣ ፍስክን ከፍስክ ጋር አስተያዩ። ዓቢይ ጾም ሁልጊዜ 55 ቀን ነው፤ የጾሙን የመጀመሪያ ሳምንት ከአምናው የጾም የመጀመሪያ ሳምንት ጋር አስቀምጡት። ከፋሲካ በኋላ ያሉት 50 ቀናትም ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾምባቸው ለብቻቸው ይታዩ። ፍልሰታና የነቢያት ጾም ቀናቸው ስለማይለዋወጥ አያስቸግሩም፤ የሚያሳስቱት ነነዌ፣ ዓቢይ ጾምና የሐዋርያት ጾም ናቸው። በ2018 ደግሞ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው፣ ጾሙ የካቲት 9 ይገባል። ካላስተካከላችሁት የ2018 የካቲት ከ2017ቱም የባሰ «ወድቆ» ታዩታላችሁ፣ ያኔም ሌላ ሰው ልታነሱ ነው። ወደዚህ ጉዳይ ቶሎ የገባሁት የሰው እንጀራ ስላለበት ነው። ቁጥር አይቶ ሰው ማባረር ቀላል ነው፣ ቁጥሩ ከምን ጋር እንደተነጻጸረ መጠየቅ ግን ያስፈልጋል።

ነሐሴንም በዚሁ እግረ መንገድ እዩት። አብዛኛው ድርጅት ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ደምሮ ነው የሚዘግበው። ያ ወር 35 ቀን ነው፣ በአራት ዓመት አንዴ 36። ከሐምሌ ጋር በጥሬው ካስተያያችሁት ምንም ሳትሠሩ 17 በመቶ ገደማ ያደጋችሁ ይመስላችኋል። በቀን አካፍሉት።

ወደ 28 በመቶው እንምጣ። ይህ ዕድገት በብር ነው ወይስ በሊትር? ከጻፋችሁልኝ እንደገባኝ በብር ነው። ብር ደግሞ በዚህ መሀል ብዙ ነገር አሳልፏል። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬውን ለገበያ የለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። ማሸጊያ ፕላስቲክ፣ መለዋወጫ፣ ነዳጅ፣ መኖ፣ ሁሉም በየተራው ጨመረ፤ እናንተም ዋጋ ጨመራችሁ። እንበልና የሊትሩን መሸጫ ከ60 ወደ 80 ብር አውጥታችኋል። ይህ የ33 በመቶ ጭማሪ ነው። ዋጋው በ33 በመቶ ጨምሮ ሽያጩ በ28 በመቶ ብቻ ካደገ በሊትር 4 በመቶ ቀንሳችኋል ማለት ነው። ያ አረንጓዴ ቀስት የሚደብቀው መቀነስን ሊሆን ይችላል። የራሳችሁን ትክክለኛ ዋጋ አስገቡና ዛሬውኑ አስሉት፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚህ በኋላ ማንኛውም የሽያጭ ቁጥር ሁለት ሆኖ ይቅረብ፦ ብሩና ሊትሩ ጎን ለጎን። ሌላ ንግድ ላይ ያላችሁ አንባቢዎችም ይህ ይመለከታችኋል። ቫት ያለበት ዕቃ የምትሸጡ ከሆነ ደግሞ ያንዱ ወር ሽያጭ ከነቫቱ፣ የሌላው ያለቫት ተመዝግቦ 15 በመቶ «ዕድገት» ሲፈጥር በተደጋጋሚ አይቻለሁ።

አሁን ጥሬ ገንዘቡ። «አትርፈናል ይላል፣ ግን ብሩ የት ሄደ?» የሚለው ጥያቄ ከየድርጅቱ ይመጣልኛል። ሌባ የሚጠረጠረውም ያኔ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ብሩ ደንበኛ ጋ ነው፣ በዱቤ። እናንተ ለገበሬው በ15 ቀን ትከፍላላችሁ። ሱፐርማርኬቱና ሆቴሉ በስንት ቀን ይከፍላችኋል? በ45 ቀን ነው እንበል። መሀል ላይ ያለውን 30 ቀን በራሳችሁ ኪስ ነው የምትሸፍኑት። በቀን 4,000 ሊትር ከተረከባችሁና ለገበሬው በሊትር 40 ብር ከከፈላችሁ የ30 ቀኑ ክፍተት 4.8 ሚሊዮን ብር ይፈልጋል። የመረከቢያው ዋጋ 55 ሲገባ ያው ክፍተት 6.6 ሚሊዮን ይሆናል። አንድ ሊትር እንኳ ሳትጨምሩ 1.8 ሚሊዮን ብር ተጨማሪ ያስፈልጋችኋል፣ ከባንክም ከአራጣም ተበድራችሁ የምትሞሉት እሱን ነው። በዱቤ የሚሸጥ ድርጅት ባደገ ቁጥር ጥሬ ገንዘብ ያጥረዋል። ይሄ ከ30ው ቻርታችሁ አንዱ ላይ እንኳ የለም። የሚያናድደው ደግሞ የሒሳብ ክፍላችሁ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር የሚጠቀም ከሆነ የዱቤ ዕድሜ ሪፖርቱ እዚያው ውስጥ አለ፤ ማን ስንት ብር፣ ከስንት ቀን ጀምሮ እንዳለበት ለይቶ ያወጣል። ማንም ስለማይጠይቀው ነው የማይወጣው።

እስካሁን ያነሣሁት ቁጥሩ ልክ ቢሆን ኖሮ ነው። ልክ ነው ወይ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ጠዋት 12 ሰዓት ሸኖ ወይም ጫጫ መረከቢያው ጋ ሄዳችሁ ቁሙ። ብርዱን ታውቁታላችሁ። ገበሬው ወተቱን ይዞ ተሰልፏል፣ ተረካቢው ባንድ እጁ ላክቶሜትር (ወተቱ ውስጥ ውሃ መግባቱን የሚለይ መለኪያ) በሌላው እስክሪብቶ ይዟል። ሰልፉ ሲረዝም ላክቶሜትሩ ይቀራል፣ ሰባት ሊትር ተኩሉ ስምንት ይባላል ወይም ሰባት። አንዱ ገበሬ አንድ ቀን በራሱ ስም፣ ሌላ ቀን በባለቤቱ ስም ይመዘገባል፣ ስለዚህ ዳሽቦርዱ ላይ ሁለት ሰው ነው። ከዚያ ደብተሩ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም ቢሮ ይገባል። ቢሮ ያለችው ልጅ ፎቶውን አጉልታ እያየች ኤክሴል ላይ ትጽፈዋለች። የተረካቢው 1 እና 7 ካልተለዩ እሷ ምን ታድርግ? ያ ሁሉ አልፎ ነው ያማረ ቻርት የሚሆነው።

መለኪያውንም እዩ። መረከቢያው ላይ በሊትር ትለካላችሁ፣ ፋብሪካ ሲደርስ ሚዛን ላይ በኪሎ ይመዘናል። አንድ ሊትር ወተት 1.03 ኪሎ ገደማ ነው። 4,000 ሊትር 4,120 ኪሎ ይሆናል። የሚዛኑ ቁጥር «ሊትር» የሚለው ዓምድ ውስጥ ከተጻፈ በየቀኑ 120 ሊትር ከየት መጣ ሳይባል ተወለደ ማለት ነው። የባሰው ደግሞ መንገድ ላይ 120 ሊትር ቢፈስ ወይም ቢሰረቅ ቁጥሩ ከሞላ ጎደል እኩል ይወጣና ማንም አያውቅም። ይህን ነገ ጠዋት አጣሩ።

ቀኑም ጉድ አለበት። ኤክሴል የኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። 30/2/2017 ብላችሁ ጥቅምት 30ን ስትጽፉ እሱ የሚያየው የፈረንጆቹን ፌብሩዋሪ 30 ነው። እንደዚያ የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል፣ በቀን ስትደምሩ ይዘለዋል። ጥቅምት 29ም እንዲሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ከሪፖርቱ ጠፋ፣ ማንም አልደለዘው፣ ማንም አልሰረቀው። ጳጉሜንማ ጭራሽ፣ 13ኛ ወር ለሱ የለም። ስለዚህ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ጻፉ። ማታ ተጭኖ ሌሊቱን አዲስ አበባ የሚገባው ወተትም በተጫነበት ቀን ይመዝገብ ወይስ በተራገፈበት ቀን? አንዱን ምረጡና ሁሉም ሰው በዚያ ይሂድ። የቱንም ብትመርጡ ግድ የለም፣ መቀላቀሉ ነው የሚያጠፋችሁ።

ሌላ የተሳሳተ ግንዛቤ ላርም። ዳሽቦርድ ብዙ ባሳየ ቁጥር ይበልጥ ይጠቅማል የሚባለው ልክ አይደለም። ሥራው የሚጀምረው ከቻርቱ አይደለም፣ ከውሳኔው ነው። እናንተ በየሳምንቱ ምን ትወስናላችሁ? ከየትኛው መረከቢያ ስንት ሊትር እንውሰድ፣ ለማን በዱቤ እንስጥ፣ ለማን እናቁም፣ ጾም ሲገባ ስንቱን ወተት ወደ ቅቤና አይብ እንቀይር፣ ለገበሬው የሚከፈለውን ከየት እናምጣ። እነዚህ ናቸው። ለእያንዳንዱ የሚያስፈልገውን ቁጥር ብቻ አስቀሩና ሌላውን ደልዙት። ቁጥሩ ቢወጣም ቢወርድም የምታደርጉት ነገር ካልተለወጠ እዚያ ገጽ ላይ ቦታ የለውም። እኔ ብሆን የማስቀረው አምስት ነው፦ በየቀኑ የገባው ሊትር፣ የወጣው ሊትርና መሀል ላይ የጎደለው፤ በየመረከቢያው በጥራት ምክንያት የተመለሰው ወተት፤ ማሸጊያ፣ ነዳጅና ማጓጓዣ ተቀንሶ ከአንድ ሊትር የሚቀረው ብር፤ የዱቤው ዕድሜ፤ ለሚቀጥሉት አራት ሳምንታት የሚገባውና የሚወጣው ጥሬ ገንዘብ። የመጨረሻው ወደፊት የሚያይ ብቸኛው ቁጥር ነው፣ እናንተ ያጣችሁትም እሱን ነው። ከተቻለ የፉርሽካን፣ የፋጉሎንና የቢራ አተላን ዋጋ ዳር ላይ ጻፉ። መኖ ሲወደድ ገበሬው መጀመሪያ የሚቀንሰው ላሟ የምትበላውን ነው፣ ትንሽ ቆይቶ ወተቱ እናንተ ጋ ቀንሶ ይመጣል። ከወርሃዊው ሪፖርት ቀድሞ ወሬውን የሚነግራችሁ የመኖ ዋጋ ነው።

ከእያንዳንዱ ቁጥር ሥር ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፦ ከዚህ ካለፈ ማን ምን ያደርጋል። ለምሳሌ «ዕዳው 45 ቀን ያለፈ ደንበኛ ግማሹን እስኪከፍል አይጫንለትም፣ የሚያስቆመው የሽያጭ ኃላፊው ነው።» ባለቤቱ ስልክ ተደውሎለት «ግድ የለም ስጠው» የሚል ከሆነ ግን ይሄ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው። ይህን በግልጽ የምለው ብዙ ድርጅት የሚወድቀው እዚህ ጋ ስለሆነ ነው።

ሁለት ነገር ላይ ጠንቀቅ በሉ። አንደኛ፣ ቁጥር በወጣና በወረደ ቁጥር ሰው አትጥሩ። የወተት ርክክብ በባሕሪው ከቀን ቀን ይለያያል። ያለፉትን አስር ሳምንታት አስቀምጡና ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን እዩ፤ በዚያ መሀል እስካለ ድረስ ስብሰባ አያስፈልገውም። ከዚያ ሲወጣ፣ ወይም ሳምንት በሳምንት ባንድ አቅጣጫ ሲሄድ፣ ያኔ ተነሡ። ሁለተኛ፣ ቁጥርን ከጉርሻ ጋር ስታያይዙ ብቻውን አታያይዙት። ተረካቢውን በሰበሰበው ሊትር ብዛት ብቻ ከሸለማችሁት ውሃ ይመጣላችኋል። ሊትሩ ከላክቶሜትሩና ከተመለሰው ወተት ጋር አብሮ ይታይ። ሻጩንም በሸጠው ሳይሆን ብሩ በገባለት መጠን ሸልሙት።

ዳሽቦርድ የማይችለውንም እወቁ። የቀነሰውን ያሳያል እንጂ ለምን እንደቀነሰ አይነግራችሁም። ጫጫ ላይ ርክክቡ በሩብ ቢቀንስ ላሟ ታማ ነው፣ ሌላ ሰብሳቢ ሁለት ብር ጨምሮ ነው፣ ወይስ ክፍያ ስላዘገያችሁ ገበሬው አኩርፎ? ስልክ አንሥታችሁ አስር ገበሬ ጠይቁ፣ በአንድ ሰዓት ይወጣል። መንገድ ተዘግቶ መኪና ያልወጣበት ቀንም ዜሮ ተብሎ አይመዝገብ። ዜሮ ማለት ሄደን አልሸጥንም ማለት ነው። ባዶ ይተውና ምክንያቱ አጠገቡ ይጻፍ፣ አለዚያ የወሩን አማካይ ይዞት ይወርዳል።

የሶፍትዌሩን ጥያቄ ልመልስ፣ ጠይቃችኋልና። ፓወር ቢአይ ዴስክቶፕ በነጻ ይወርዳል፣ ኮምፒውተራችሁ ላይ መሞከር ትችላላችሁ። ለሌሎች ሰዎች ማጋራት ሲመጣ ግን በየወሩ በሰው ቁጥር በዶላር ይከፈላል። የጉግል ሺትና ቻርት የሚሠራው ሉከር ስቱዲዮ ነጻ ናቸው፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ሉከር ስቱዲዮ ይቆማል፣ ሺቱም ያለ ኔትወርክ እንዲሠራ ቀድሞ ካልተዘጋጀ እንዲሁ፤ በኛ አካባቢ ይህን ሳያስቡ ሥርዓት መዘርጋት ትልቅ ስሕተት ነው። ኢአርፒ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ያለቀለት አሠራር ያፋጥናል እንጂ የሌለ አሠራር አይፈጥርም። ዛሬ ብታስገቡት ሊትርና ኪሎ የሚቀላቀልበትን ደብተር በውድ ዋጋ ኮምፒውተር ውስጥ ከተታችሁት ማለት ነው። ኤክሴል ይበቃችኋል። 400 ገበሬ በቀን ሁለቴ ሲያስረክብ 800 ረድፍ ነው፣ በዓመት 292,000። አንድ የኤክሴል ሺት 1,048,576 ረድፍ ይይዛል። ለየዓመቱ የተለየ ፋይል ብትከፍቱ እንዲያውም ቀለል ይላል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። እስከ ሰኔ 30 ባለው ጊዜ መለኪያውን አንድ አድርጉ፣ ለእያንዳንዱ ገበሬ ቁጥር ስጡ፣ ደብተሩን አስተካክላችሁ አሳትሙ። ሐምሌ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ሲገባ በአምስቱ ቁጥር ጀምሩ። አንድ ገጽ ወረቀት፣ ሰኞ ጠዋት፣ አርባ ደቂቃ፣ ሒሳብ፣ ሽያጭ፣ ርክክብና ባለቤቱ ባሉበት። የተወሰነው ነገር እዚያው ወረቀት ጀርባ ላይ ይጻፍ፣ በሚቀጥለው ሰኞ መጀመሪያ የሚነበበው እሱ ይሁን። እስከ ጥር ድረስ በዚህ ሂዱ። በስድስት ወር ውስጥ ሰኞው ካልተቋረጠና ኤክሴሉ ከጠበባችሁ ያኔ ስለ ኢአርፒ እናወራለን፣ ያኔ ከሻጩ ምን እንደምትጠይቁም ታውቃላችሁ።

ዳሽቦርዱን የሠራውን ልጅም አታሰናብቱት። የታዘዘውን ነው የሠራው፣ ጾም መቼ እንደሚገባም ሆነ ወተቱ በምን እንደሚለካ ማንም አልነገረውም። ለሁለት ሳምንት መረከቢያ ላይ ላኩት። ጠዋት ከተረካቢው ጎን ይቁም፣ ማታ ከመኪናው ጋር ይጫን፣ አንድ ቀን ደግሞ ከሽያጭ ኃላፊው ጋር ዱቤ ሊሰበስብ ይሂድ። ሲመለስ የትኛው ቻርት እንደሚጠፋ እሱ ራሱ ይነግራችኋል።